ውሃ የማይፈታው

ወይም ነጩን ማጣበቂያ ትውሰድ፣ ነጩን ታውቀዋለች፣ ትምህርት ቤት ወረቀት የሚለጥፉበት ነው፣ ጣት ላይ ሲደርቅ እንደ ቆዳ የሚላጠው፣ ግን እናቷ ነጩን አላለችም፣ እናቷ ያለችው ውሃ የማይፈታውን ነው፣ ውሃ የማይፈታውን አምጪ፣ ሌላ ይዘሽ እንዳትመጪ፣ እሑድ ሐይቅ እወርዳለሁ፣ ብላ የሥራ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፣ እሷም እሺ አለች፣ ሰሞኑን ለሁሉም ነገር እሺ ነው የምትለው፣ እሺ ቀላል ቃል ነው፣ አፍ ውስጥ ምንም አይመዝንም።

የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ውስጥ ከቆመች ቆይታለች። መደርደሪያው ከጉልበቷ ይጀምርና ከራሷ በላይ ይዘልቃል፣ ማጣበቂያ፣ ማጣበቂያ፣ ማጣበቂያ፣ በቱቦ፣ በቆርቆሮ፣ በጠርሙስ፣ ይሄን ያህል የሚለያይ ነገር በዓለም ላይ አለ ማለት ነው። አንዱ ላይ የተሰበረ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ የሚስቅ ሰውዬ ተስሏል። ሳህን ተሰብሮበት ምን ያስቀዋል።

ከቦርሳዋ ሥር፣ በካልሲ ተጠቅልለው፣ አምስቱ ዓሣዎች አሉ።

ከእንጨት የተጠረቡ ናቸው፣ ከመሃል ጣት ትንሽ ይረዝማሉ፣ ወንድሟ ነው የጠረባቸው። እያንዳንዱ ከአፉ እስከ ጅራቱ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ በመሃሉ ሽቦ ማለፍ አለበት፣ ሽቦው መንጠቆዎቹን ይይዛል፣ ከዚያ ሁለቱ ግማሾች ይጣበቁና ቀለም ተቀብተው ውሃ ውስጥ ይጣላሉ፣ ትልቁ ዓሣ ትንሽ ዓሣ መስሎት ይነክሰዋል፣ አለቀለት። ማዘር በትል ማጥመድ ይብቃት፣ ይል ነበር ወንድሟ፣ ሰው እጇን ሲጨብጥ ትል ትል ይሸተዋል፣ እኔ ዘመናዊ አደርጋታለሁ። ጠረባቸው፣ ሰነጠቃቸው፣ የሽቦውን ቦይ ቆፈረላቸው፣ ሁለት ሁለቱን በላስቲክ አስሮ መስኮቱ ላይ ደረደራቸው። አላጣበቃቸውም። ከሥራ ሲመለስ የሠራተኞቹ አውቶቡስ ተገለበጠና አላጣበቃቸውም። እንዲህ ነው የምታስበው፣ በዚህ ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ አላጣበቃቸውም፣ አውቶቡሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሰማት ምን ይላል። ማንም አይሰማትም፣ ጮክ ብላ አታስብም።

ያን ሰሞን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሁሉም አቅፈዋት ነበር፣ አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፣ ምኑ ነው የሚወጣው፣ ፈልጋ አጣችው፣ የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶ ጨርሶ ጉንጭሽን ስትነኪው የሌላ ሰው ጉንጭ እንደሚሆነው ነው፣ ያ መርፌ እስካሁን አልለቀቃትም።

አንድ ነገር ግን አለ። እናቷ የማታውቀው።

ወንድሟ የዕቃ ሣጥን በሚሠራ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ የእንጨቱን ቁርጥራጭ የሚያመጣውም ከዚያ ነው፣ እዚያ ያሉት ሁሉ በሳንቃው ውስጠኛ ፊት ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ መጀመሪያ ለሥራው ነው፣ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም ለማወቅ፣ በኋላ ግን የኳስ ውጤትም፣ የልብ ወግም፣ ፎርማኑን የሚያብጠለጥል ስድብም ይጻፋል፣ ሣጥኑ ከተመታ በኋላ ውስጡን ማን ያየዋል፣ ፎርማናችን የተሰደበበት ሣጥን ባሕር ተሻግሮ ሄደ፣ እያለ እየሳቀ ያወራላት ነበር። የለመደ እጅ ነው። ዓሣዎቹም ውስጥ ጽፏል። ላስቲኩን ፈትታ አየችው፣ ብቻዋን፣ መስኮቱ ጋ ቆማ። ቁም ነገር የለውም። ቢላው ዶልዱሟል። እንዲህ ያለ ነገር ነው። አምስተኛው ስለ እሷ ነው፣ እሱን አታስበውም።

እና ውሃ የማይፈታው ከተቀባ፣ ያ ሁሉ ይዘጋል። ለዘላለም ሊባል ነው፣ ቃሉ ይከብዳል፣ ብቻ ይዘጋል።

ፎቶ አነሳችው እኮ። በስልኩ ውስጥ ግራጫ ጭረት ሆነ፣ የግድግዳ ስንጥቅ ይመስላል።

ነጩ ግን ይለቃል። ሞክራዋለች፣ ሁለት የሣጥን ቁራጭ በነጩ አጣብቃ፣ ካደረቀች በኋላ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ከታ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ስትመለስ ተለያይተው ተንሳፍፈዋል፣ አንዱም ሳይጎዳ፣ ለሙከራ ውስጡ ላይ ያሰመረችው የእርሳስ መስመር ደብዘዝ ብሎ እዚያው አለ። ደስ አላት ማለት አይቻልም። ደስታ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ የሆነ ነገር ጠቅ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን እንደመጫን፣ ጠቅ፣ ያ ብቻ። ነጩን ቀብታ ውሃ የማይፈታው ነው ብላ ለእናቷ ብትሰጣት፣ የፈለገች ቀን ደግሞ ሳፋ ውስጥ ነክራ ብትከፍታቸው። ዋሽታ አታውቅም። ሐቀኝነት ሳይሆን ፍርሃት ነው እስካሁን የያዛት።

ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ።

ባለ መደብሩ ነው። ሰፈሩ ይቻላል ብሎ ነው የሚጠራው፣ ምንም ነገር ጠይቀው ይቻላል ነው መልሱ፣ ዕቃው ባይኖረውም ይቻላል። ባንኮኒው ላይ አንድ ሽማግሌ አናጢ ተደግፈው ምስማር ይመርጣሉ፣ ጆሯቸው ላይ ጠፍጣፋ እርሳስ ሰክተዋል፣ ሁለቱም ያዩዋታል። ማጣበቂያ ነበር ጋሼ። እሱንማ አየሁ፣ ለምን የሚሆን። ለእንጨት። ለምን እንጨት። ለዓሣ፣ አለች፣ ሳታስበው፣ ለዓሣ። ዓሣ ልታጣብቂ ነው? ተሰብሮባት ይሆናላ፣ አሉ አናጢው ከምስማሩ ቀና ሳይሉ፣ የዛሬ ዓሣም እንደ ዛሬ ዕቃ ነው፣ ገና ከመግዛትህ ስብር። ይቻላል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ድሮ ቢሆን ጆሮዋ በርበሬ ይመስል ነበር፣ አሁን የሚስቁት በሌላ ልጅ ይመስላታል፣ እዚያ ጋ በቆመችው።

ካልሲውን ፈትታ አንዱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። በላስቲክ የታሰረ። ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመ።

አናጢው አንስተው አገላበጡት፣ ላስቲኩን አልፈቱትም፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ወይም መነጽር የላቸውም። ማነው የጠረበው? ወንድሜ። እጅ አለው፣ አሉ፣ ይሄ ጀርባው ላይ ያለው አወራረድ አየኸው ይቻላል፣ እንጨቱን አላስገደደውም፣ የት ነው የሚሠራው፣ እኔ ጋ ይምጣ በዪው፣ ሰው አጥቻለሁ፣ አሁን ያሉት ልጆች መጋዝና ማንኪያ አይለዩም። እሺ፣ አለች። ደግሞ እሺ። እነግረዋለሁ፣ አለች። ለምን እንዳለችው አታውቅም፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረስ ስለነበረበት ነው፣ እነግረዋለሁ፣ ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልቋል።

ይቻላል አሁን በሥራው ላይ ነው፣ አንድ በአንድ ይደረድርላታል። ሱፐር ግሉ፣ ይሄ ለጥፈሽ ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ይዟል። አናጢው፣ ድንጋይ ሲነካ ስብር ይላል፣ ደረቅ ነው፣ ተወው። ሲሊኮን፣ ውሃ አጠገቡ አይደርስም። አናጢው፣ እሱ ማስቲካ ነው፣ መቼ ይጠነክራል፣ መንጠቆው በተሳበ ቁጥር ሊወዛወዝ ነው? አንተ ሰውዬ ልትሸጥ ነው ልትገዛ የመጣኸው። እኔ ለልጅቷ ነው፣ አንተ ለኪስህ ነው። ይቻላል፣ አለ ይቻላል፣ ተሸንፎ።

እሷ ነጩን እያየች ነው። ይሄስ ጋሼ፣ ድምፅዋ ወደ ውስጥ ገባ፣ ምን አልሽ፣ ይሄኛውስ። ነጩ ኮላ? አናጢው ፊታቸውን አዞሩ። እሱ ለወንበር ነው የኔ ልጅ፣ ለቤት ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ከገባ ያብጥና ይለቃል። ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው? ቀስ ብሎም ቶሎም፣ ዋናው የት ይለቃል ነው፣ ወንድምሽ ይሁን ሌላ ሰው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ብቻ ይጥለዋል፣ ይጎትታል፣ ይጥለዋል፣ በኋላ ሐይቁ መሃል ላይ ይከፈታል፣ ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ፣ ሂጂ ፈልጊ እንግዲህ።

ሐይቁ መሃል።

ይሄን እንዴት አላሰበችውም። ሳፋውን ብቻ ነው ያሰበችው፣ በሳፋው ውስጥ የት ይሄዳሉ፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፣ ጠርዙ አለ። ሐይቁ ጠርዝ የለውም፣ አለው፣ ግን ሩቅ ነው፣ ቢላው ዶልዱሟል የሚለው ግማሽ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሲንሳፈፍ ታያት ጀመር፣ እርሳሱ በፀሐይ፣ ማንም ሳያነበው። ነጩ ከተቀባ እሑድ ራሱ ይጠፋሉ። ካልተጠመደባቸው ግን አይጠፉም፣ ግን ይጠመድባቸዋል፣ እናቷ እወርዳለሁ ካለች ትወርዳለች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐይቅ ስትል የመጀመሪያዋ ነው፣ እየሳቀች ባይሆንም እየተቆጣች፣ ዘንጉን አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ ያየቻት ትናንት ነው፣ ያንን አይተሽ ነጩን ልትሰጫት ነው፣ አንቺ ልጅ።

እንግዲህ ኢፖክሲ ውሰጂ፣ አሉ አናጢው፣ ሁለት ቱቦ ነው፣ ከዚህም ከዚያም እኩል እኩል፣ ታማስያለሽ፣ ትቀቢያለሽ፣ በጣም የሚቸኩለውን አይደለም፣ ያኛውን፣ እሱ ውሃ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ግን ከመቀባትሽ በፊት ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቂው፣ ሻከር ይበል፣ በአልኮል ጥረጊው፣ አቧራም፣ የእጅ ቅባትም፣ እርሳስም እንዳይኖር። እርሳስም? እርሳስ ያንሸራትታል፣ የሰመረበት ቦታ ላይ አይነክስም፣ እኔ ስንቱን ወንበር በዚህ አበላሽቻለሁ፣ አጥፊው።

አጥፊው።

መዝጋት ብቻ አይደለም ማለት ነው። መጀመሪያ በእጅሽ ታጠፊዋለሽ፣ ከዚያ ትዘጊዋለሽ። ይቻላል ጠቀለለላት፣ ብርጭቆ ወረቀቱን መረቀላት፣ ለወንድሟ ሰላምታ ላከ፣ እሺ።

መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ነው። ጎማ ጠጋኙ ጎማውን ገንዳ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል፣ አንዲት ሴት ቲማቲም በአራት በአራት ትቆልላለች፣ የፋብሪካው አውቶቡስ የሚያወርድበት ጥግ ላይ አንድ ውሻ ተኝቷል። እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብላ በየቀኑ ትጠብቃለች። ውሻው ጆሮውን አከከ። አለፈች። ትናገር፣ ማታ ከእራት በፊት ትናገር፣ እማ ውስጡ ላይ ጽፏል፣ አምስት ቃል አይሞላም፣ እማ ውስጡ ላይ ጽፏል፣ በደረጃው ላይ እየደጋገመች ወጣች፣ በሩን ስትከፍት ጠፋባት።

እናቷ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ዘርግታ መንጠቆዎቹን በመጠን በመጠናቸው ደርድራለች። የምትሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፣ ጣቶቿ ጫፋቸው ሁልጊዜ የተጨማደደ ነው፣ ውሃ ከውስጣቸው ወጥቶ የማያውቅ ይመስል። መጣሽ? እስቲ አሳዪኝ። ኧረ ሁለት ነው፣ መረቀልሽ? አይ እማ፣ ሁለቱ ካልተቀላቀሉ አይሠራም። ጋብቻ ነው በይኛ፣ አለች እናቷ፣ ይሁን፣ ከተጋቡ በኋላ የማይላቀቁ ካሉ እስቲ እንይ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ቀልድ ነው። ልጅቷ አልሳቀችም፣ ማድረግ ያለባትን እያወቀች አልሳቀችም፣ ፊቷ ትእዛዝ አልቀበል አለ።

እናቷ ላስቲኩን ፈታች።

ተናገሪ። አሁን ተናገሪ።

ግማሹን ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገችው፣ ራቅ፣ ቀረብ፣ ደግሞ ራቅ። ምንድነው ይሄ የተሞነጫጨረው። ጽሕፈት ነው እማ። የማን ጽሕፈት። የሱ ነው? የሱ ነው። ምን ይላል፣ እኔ እኮ ያለ መነጽር አይታየኝም፣ አንብቢልኝ። ላንብበው? አንብቢዋ ሚጣ፣ አፍ የለሽም?

አፍ አላት። አፏን ከፈተችው። አንድ፣ ሆዱ በዚህ በኩል። ቀጥዪ። ቢላው ዶልዱሟል። ቀጥዪ። ይሄኛው እንደ ማዘር ኮስታራ ነው። ማን፣ እኔ? አለች እናቷ፣ ዓሣውን ነጥቃ ፊቱን አየችው፣ ይሄን ይመስላል ፊቴ፣ ባለጌ፣ አፈር ያስ፣ አለችና ግማሹ ላይ አቆመች፣ ቃሉ አየር ላይ ቀረ፣ ሁለቱም ሲወርድ ጠበቁት። አልወረደም። ቀጥዪ፣ አለች እናቷ፣ ቀጭን ድምፅ ነው። የምሳ ሰዓት አለቀ፣ ፎርማኑ እየመጣ ነው። ይሄ ፎርማን፣ አለች እናቷ፣ እዚህም ገባ? አምስተኛውስ።

አምስተኛው አይነበብም። ደብዝዟል እማ። ዋሸች፣ ወጣላት፣ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ፣ ግን እናቷ ዓይኗ ባያይም የልጇን ድምፅ ታያለች፣ ሚጣ፣ አለች፣ ሚጣ ብቻ። እሺ። ሚጣ ከፈተችው ማለት ነው፣ ሌባ። ይላል። ከእናቷ አፍንጫ አየር ወጣ፣ ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም፣ አላበለም፣ አለች።

በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለበት እማ። ይኸው ወጣ፣ በደረጃው ላይ የለመደችው አይደለም፣ ሌላ ነው፣ ይሁን። ኢፖክሲው እርሳስ ላይ አይዝም አሉ፣ ካልፋቅነው ይከፈታል፣ ከፋቅነው ይጠፋል፣ እኔ ነጩን ላምጣልሽ ብዬ ነበር፣ ውሃ የሚፈታውን፣ ውሃ የማይፈታው ነው ልልሽ ነበር። እናቷ አየቻት። መንጠቆ በጣቷ ይዛለች፣ ታዞረዋለች። ልትቆጣ ነው። ትቆጣ። እሱ ይሄን ሲጽፍ፣ አለች እናቷ፣ እንዲነበብ ነው የጻፈው? ልጅቷ አሰበች። አይደለም። ሣጥን ሠሪ ነው ልጄ፣ ተዘግቶ እንዲሄድ ነው የጻፈው፣ እኔ አውቀዋለሁ ጨዋታውን፣ ለኔም ነግሮኛል፣ ላንቺ ብቻ መሰለሽ? አንዱን ግን ላንቺ መተው እችላለሁ፣ በአራቱ አጠምዳለሁ፣ ሌባዋን ውሰጂ፣ መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጪው። እውነቴን ነው። ውሰጂ።

መሳቢያው። በመሳቢያው ውስጥ ግማሽ ዓሣ፣ ከግማሽ ዓሣ ጋር፣ ላስቲኩ እየደረቀ፣ ከእስክሪብቶና ከፀጉር ማስያዣ ጋር፣ በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ጊዜ። አይ፣ አለች። እሺ ልትል ነበር፣ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፣ አይ ሆኖ ወጣ። ይጠመድበት።

ብርጭቆ ወረቀቱን ለሁለት ቀደዱት። እናቷ ከአንደኛው ጀመረች፣ ሽር ሽር ሽር፣ አቧራው ፎጣው ላይ ይወርዳል፣ ልጅቷ አምስተኛውን ያዘች፣ በቀስታ፣ ሌ ግራጫ ሆነ፣ ባ ግራጫ ሆነ፣ በአልኮል ጠረገችው፣ እንጨቱ ነጣ። ነጣ ግን አልጠፋም። ወደ አምፖሉ አዘነበለችው። የሣጥን እንጨት ለስላሳ ነው፣ እሱ ደግሞ እርሳስ ሲይዝ ሰው ሊወጋ ነው የሚመስለው፣ ደብተሩ ሁሉ ከጀርባው ይነበብ ነበር፣ ጥቁሩ ሄዷል፣ ሥርጉዱ አለ፣ ቀለም የሌለው ሌባ፣ በጥፍሯ ስትሄድበት ጥፍሯ ይወድቃል ይነሳል። የእናቷን አየች፣ እዚያም አለ። እናቷ አይታያትም። ትንገራት? ትነግራታለች። ሲዘጋ ትነግራታለች።

ፋቅሽው? ፋቅሁት። ነክሷል? ሻክሯል እማ።

እናቷ ሁለቱንም ቱቦ እንደ ሳሙና ጨመቀችው፣ ኧረ በቃ እማ፣ በዛ፣ ይብዛ፣ ይትረፍ ብዬ ነው፣ ለማማሰያ የወሰዱት አሮጌ የእርጎ ኩባያ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ልጅቷ በእንጨት አማሰለች፣ ማር መሰለ፣ ቀባች። ሙጫው ሌ ውስጥ ገባ፣ ባ ውስጥ ገባ፣ ቀስ እያለ ሞላው፣ ጠርዙ ድረስ፣ እንደ ጎርፍ ሳይሆን መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ ለጥ አለ። ሽቦውን በቦዩ አስገቡ። ሌላውን ግማሽ ደረበችበት። ገጠመ። እንዴት ይገጥማል፣ መስመሩ ራሱ አይታይም፣ ያዢው፣ አለች እናቷ፣ ጭምቅ አድርገሽ ያዢው፣ እኔ ይሄን ልያዝ፣ እስኪነክስ እንዳትለቂው።

ያዘችው። በቀኝ እጇ ዓሣውን፣ በግራዋ ኩባያውን፣ የምታስቀምጥበት ቦታ ስላጣች፣ ጠረጴዛው ሁሉ መንጠቆ ነው። ዝም ብላ ቆመች። ምንም አታስብም። አንድ ደቂቃ ይሁን አስር፣ ከግራ እጇ የሆነ ነገር መጣ፣ መዳፏ ላይ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀችውም፣ መሰማትን ረስታዋለች፣ ኩባያው ይሞቃል። ማንም እሳት ላይ አልጣደውም። የተረፈው ሙጫ ብቻውን፣ ሊደርቅ ሲል፣ እየሞቀ ነው፣ ሻይ የያዘች ያህል ሞቀ፣ ጣቶቿ አንድ በአንድ ሰሙት፣ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ ያለችው፣ መሃሏ፣ እማ፣ አለች፣ እማ ይሞቃል፣ ድምፅዋ የማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ እናቷ ቀና አለች፣ ምኑ ነው የሚሞቀው ሚጣ፣ ምን ሆንሽ፣ ምን ሆንሽ ልጄ፣ ሙጫው ነው፣ ሙጫው ብቻ ነው እማ፣ ነይ ያዢልኝ፣ ዓሣውን መልቀቅ አልችልም፣ ነይ